ከደጃችን ሲደርስ ብቻ ለምን ነቃን?

የሐረር ሰዎች ሆይ፤ በጁገል ቅጥር ውስጥም ከቅጥሩ ውጭም የምትኖሩ፣ በማለዳ አዛን የምትነሡም በኪዳን ደወል የምትነሡም፣ ይህን ቃል የምጽፈው ከመካከላችሁ አንዱን ለይቼ ለመውቀስ አይደለም። የምወቅሰው እኛን ነው፤ በአንድ ቅጥር ጥላ ሥር ያደግነውን፣ ከአንድ መጋላ ሸምተን የበላነውን፣ ሙታናችንን አብረን ያለቀስነውን፣ የጋራችን የሆነውን ሁሉ ግን ባለቤት እንዳጣ ሜዳ የተውነውን እኛን።

የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ በትምህርት ቤት አጥር ሥር ሊተከል ነው የሚል ወሬ በአንድ ሰፈር ሲሰማ ሕዝብ ይነሣል። እናቶች ነጠላቸውን አደግድገው ይወጣሉ፣ ፊርማ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ወደ መስተዳድሩ ይላካል፣ «ልጆቻችንን ጨረር ሊፈጅብን ነው» ተብሎ ይጮኻል። ሕዝብ ስለ ልጆቹ መነሣቱ የተቀደሰ ነው፤ ማንም አይንቀፈው። ልጁ ሲነካበት የማይቆጣ ወላጅ ከአራዊት ያንሳል። ነገር ግን ይህ ቁጣ በእግዚአብሔር ፊት ሲቀርብ የሚጠየቀው ጥያቄ አለ፤ እኔም ከእናንተ ጋር የምጠየቀው። እስከ ትናንት የት ነበርን?

ልጆቻችን በሚውሉበት ግቢ የውሃው ቧንቧ ደርቆ ወራት ሲቈጠሩ ዝም ያልን፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ተገንጥሎ ሴቶች ልጆቻችን ቤታቸው እስኪመለሱ ሲታገሡ እያወቅን እንዳላወቀ ያለፍን፣ የወላጅና መምህራን ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ «ሥራ አለብኝ» ብለን በበርጫው ሰዓት የታደምን፣ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ገረባ ሲከመርና ሺሻ ቤት ሲከፈት ኪራዩን ቈጥረን የተቀበልን፣ ከአንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት ገመድ የቀጠልን፣ ከከፍተኛ መስመር ምሶሶ ብረት እየተፈታ ሲሸጥ ከየት አመጣኸው ብለን ቁራሌውን ያልጠየቅን፣ የተሰበረ ሲሆን «መንግሥት ይሥራው»፣ የተሠራ ሲሆን «ለእኛ ሰፈር አልደረሰም» እያልን ዘመናችንን የፈጀን፣ እነዚያው እኛ ነን ዛሬ ስለ ልጆቻችን የምንለው። ቸል ብለናል። ለምደነዋል። የለመድነውንም በደል ብሎ መጥራት ትተናል።

በአንድ ትምህርት ቤት መንገድ ላይ በሁለት የእንጨት ምሶሶ መካከል የተሰቀለ ትራንስፎርመር አለ። የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ የሚመስሉት ብዙ ናቸውና። ዘይቱ እየተንጠባጠበ ከሥሩ ያለውን አፈር አጥቁሮታል። ከምሶሶው ላይ የተገጠመው የፊውዝ ሳጥን ክዳኑ በሽቦ ታስሮ ነበር፤ ሽቦው ላልቶ ክዳኑ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ውስጥ ያለው መዳብ ራቁቱን ነው። የአራተኛ ክፍል ልጅ ድንጋይ ላይ ቆሞ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። ከሥሩ አንዲት እናት ጆንያ አንጥፋ ለውዝና በለስ ትሸጣለች፤ በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ይከቧታል፣ ገሚሱ ምሶሶውን ተደግፎ ልጣጩን እየወረወረ ይበላል። በዚያ መንገድ መምህር ያልፋል፣ የቀበሌ ሹም ያልፋል፣ ካህንና ሼኽ ያልፋሉ፣ አባትም ልጁን በእጁ ይዞ ያልፋል። ለሚመለከተው ቢሮ አንድ መስመር የጻፈ የለም። ሊታጠር የታሰበውን ጣቢያ ፈራን፤ አጥር ከሌለው ሥር ግን ልጆቻችንን አስቀመጥን።

ይህ ፍርሃት ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ፍርሃታችንንም ቢሆን በቅጡ አልመረመርነውም። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመነጨውን የመግነጢስ መስክ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችሉ ይሆናል ከሚባሉት ነገሮች ተራ አስገብቶታል፤ ይህንም ያደረገው በአማካይ ከ0.3 እስከ 0.4 ማይክሮቴስላ ከሚበልጥ መስክ ውስጥ በኖሩ ሕፃናት ላይ የደም ካንሰር በዛ ብሎ የታየባቸው ጥናቶች ስለነበሩ ነው። ድርጅቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ነገሩን እንደገና አይቶ በሽታውን ያመጣው መስኩ ነው ለማለት ማስረጃው አይበቃም፣ ቢሆንም አዲስ ነገር ሲሠራ በጥቂት ወጪ መቀነስ ከተቻለ ይቀነስ ብሎ መከረ። መስኩ ከምንጩ በተራቀ ቁጥር ፈጥኖ ይደክማል፤ በጣቢያ አካባቢ የሚበረታውም ወደ ውስጥ በሚገቡትና ከውስጥ በሚወጡት መስመሮች ሥር ነው። እንግዲህ ልጁን የሚወድ ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው፦ መስመሩ በልጆቹ መጫወቻ ላይ ያልፋል ወይ? ከአጥሩ እስከ መማሪያ ክፍሉ ስንት ሜትር ነው? በትልልቆቹ ትራንስፎርመሮች ሆድ ያለው ብዙ ሺህ ሊትር ዘይት እሳት ቢነሣበት ወዴት ይፈስሳል፣ የሚያግደውስ ግንብ አለው ወይ? ሌት ተቀን የሚያጓራው ድምፅ የመምህሩን ቃል ይውጠዋል ወይ? ይህን ጠይቆ፣ መልስ ተቀብሎ፣ መልሱ ባያጠግበው እምቢ ያለ ወላጅ እምቢታው እምቢታ ነው። እኛ ግን ሳናጠና ፈራን፣ ሳንጠይቅ ጮኽን። ልጆቻችንን በወሬ ልንጠብቅ ወደድን።

መብራቱንስ አንፈልገውም? መጋቢት 24 ቀን 2003 የታላቁ የሕዳሴ ግድብ መሠረት ከተጣለ ጀምሮ ድሀው ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ቦንድ ገዛ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅም አብረን እልል አልን። 5,150 ሜጋ ዋት ብለን ቈጠርን። ያ ኃይል ግን ከጉባ ተነሥቶ እዚህ የሚደርሰው በምሶሶና በማከፋፈያ ጣቢያ ነው፤ ጣቢያውም የግድ በምድር ላይ፣ የግድ ከሰው ልጅ አጠገብ ይቆማል። ለሐረር ደግሞ ኤሌክትሪክ ማለት አምፖል ብቻ አይደለም። የምንጠጣው ውሃ ከድሬ ዳዋ ቆላ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ወጥቶ፣ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ በፓምፕ ተገፍቶ ነው ወደዚህ ደጋ የሚወጣው። ኃይሉ ሲጠፋ ቧንቧው ያፏጫል። ይህን በሐረር የማታውቅ እናት የለችም፤ ጀሪካኗን ደርድራ ሌሊት ተራ የምትጠብቀው እርሷ ናትና። ታዲያ ጣቢያው አያስፈልግም የሚል በመካከላችን አንድም ሰው ሳይኖር ሁላችን የምንለው ቃል አንድ ነው፤ ወዲያ ይውሰዱት።

ወዲያ ማን አለ?

ወገኖቼ፣ በደላችን ከሁሉ የከበደው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻዋን በቆሼ ስትከምር ኖራ ሲሞላባት ወዲያ ውሰዱት አለች። በሰንዳፋ አካባቢ በፈረንሳይ ልማት ተቋም ገንዘብ ዘመናዊ የተባለ መድፊያ ተሠርቶ በ2008 ጥር ላይ ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታው አላስቀመጠንም፣ ውሃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን አለቁ ብለው ተነሡ፤ በክረምቱም ተዘጋ። ገበሬዎቹ ልክ ነበሩ። ማሳቸው የከተማ ጓሮ ሆኖ ሲቈረጥ በቅጡ ያማከራቸው አልነበረምና። ቆሻሻው ግን መሄጃ አልነበረውምና ተመልሶ ቆሼ ወጣ። መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ፣ ተራራው ተናደ። ከ110 በላይ ነፍስ በአንድ ጊዜ በከተማ ጥራጊ ሥር ተቀበረ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ ያመነጫል የተባለው የረጲ ጣቢያ በዚያው በጎናቸው እየተገነባ ነበር፤ ምረቃውን ሳያዩ ሄዱ። የሦስት ቀን የኀዘን አዋጅ ታወጀ፤ በአራተኛው ቀን ጥራጊያችንን በፌስታል ቋጥረን እንደ ልማዳችን ከደጅ አስቀመጥን። ማን ነው የገደላቸው? የሰንዳፋ ገበሬ አይደለም። ሹሙ ብቻም አይደለም። ከቤቱ የወጣው ነገር የት እንደሚያርፍ በዕድሜው አንድ ቀን ያልጠየቀ ሁሉ በዚያ ደም አለበት።

ሐረርስ ከዚህ ነጻ ናት? ክልላችን ጠባብ ነው፤ ዙሪያውን ምሥራቅ ሐረርጌ ከቦታል። ከእኛ ያራቅነው ሁሉ የሚያርፈው በጎረቤት ማሳ፣ የምንጠጣውም የሚመጣው ከጎረቤት ምድር ነው። ለዐሥርት ዓመታት ያጠጣን የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓይናችን እያየ ደረቀ። ገበሬው ጫቱንና ድንቹን ሊያጠጣ ሳበ፣ ከተማው ሊጠጣ ሳበ፣ ኮረብታው ተራቁቶ ደለሉ ወረደበት፣ ጫቱን የቃምን እኛም ዋጋውን ከፍለን ፓምፑን አስገዛን። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ መታየቱ ምሕረት ነው፤ እኛ ያደረግነው አይደለም። ቀጥሎ 2010 አልቆ 2011 ሲገባ፣ የምንቀዳባቸው ጉድጓዶች ባለ አገሮች የጥቅም ጥያቄ አንሥተው ውሃው ተቋረጠ፤ የቆሻሻ መድፊያውም ተዘጋ። ሐረር ለሳምንታት ተጠማች፤ በጥራጊዋም መካከል ተቀመጠች። ያን ጊዜ ምን አልን? ጥያቄውን ያነሡትን ወጣቶች ረገምን፣ ዘራቸውን ጠራን፣ መንግሥት የለም አልን። ከእነርሱ መካከል በግፍ የጠየቁ አልነበሩም አልልም፤ የተጠማ ሕፃን ማስጨነቅ በማንም ዘንድ ጽድቅ አይሆንም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በፊት ከምድራቸው ስንቀዳ እነርሱ ምን ይጠጡ እንደነበር ጠይቀናል? ጥራጊያችንን በደጃቸው ስንደፋ ልጆቻቸው በየት ያልፉ እንደነበር አይተናል? አልጠየቅንም። አላየንም። ዛሬ በትምህርት ቤታችን አጥር አጠገብ ሊቆም ነው ብለን የምንጮኽበትን ጩኸት እነርሱ ከእኛ በፊት በራሳቸው ቋንቋ ጮኸውት ነበር፤ የሰማን አልነበርንም።

የተሰጠን አብነት ግን ከፍ ያለ ነው። ነህምያ ከምርኮ ተመልሶ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ሕዝቡ እያንዳንዱ በቤቱ አንጻር ያለውን ክፍል ሠራ፤ ካህኑም ወርቅ አንጥረኛውም ሽቶ ቀማሚውም ድንጋይ ተሸከመ። በቤቱ አንጻር መሥራቱ ለቤቱ ብቻ መቆርቆሩ አልነበረም፤ አንዱ ክፍል ክፍት ቢቀር ጠላት የሚገባው ለሁሉ እንደሆነ ያውቅ ስለነበር ነው። እኛም ቅጥር የወረስን ሕዝብ ነን። አሚር ኑር በ16ኛው ምእተ ዓመት ያስገነባው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዞረው ጁገል በድንጋይና በጭቃ የቆመ ነው፤ ያቆየው ግን እየለጠፈና እየጠገነ ከልጅ ልጅ ያስተላለፈው እጅ ነው። ውሃ የሚወርድበትንና ጅብ በሌሊት ገብቶ ጥራጊ የሚለቅምበትን ቀዳዳ በግንቡ ሥር የተዉት አባቶች፣ ከተማ የሚያወጣው ነገር መውጫ እንደሚያሻው ግንቡን ሲያቆሙ አስበውበታል። ለአውሬ እንኳ መንገድ አሰናዱለት። ይህን ቅጥር ነው ዓለም በ1998 በቅርስነት የመዘገበልን፤ ከዚያም በፊት ዩኔስኮ ሐረርን የሰላም ከተማ ብሎ ሸልሟታል። ሽልማቱን በግድግዳ ሰቀልነው። ጎረቤትነቱን ግን ጣልነው።

የዛሬውን ቅጥር ምን እንለዋለን? የልጆቻችን ደኅንነት፣ ውሃው፣ መስመሩ፣ ጣቢያው፣ መድፊያው ነው፤ እያንዳንዳችን ግን የምንጠግነው የራሳችንን በር ብቻ ነው። አጥራችንን በብርጭቆ ስባሪ ከፍ አድርገን፣ ጀኔሬተራችንንና ሮቶአችንን ገዝተን፣ ልጃችንን ወደ ግል ትምህርት ቤት አዛውረን፣ የቀረውን ለድሀ ልጅ ትተን ተቀምጠናል። ሐኬት ይህ ነው።

የሕግ መንገድ አልተከለከልንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 እና 92 በቀጥታ የሚነካውን ልማት በሚመለከት ሕዝብ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ብሎ ደንግጓል። በ1995 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዝዛል። ከሀያ ዓመት በላይ በእጃችን ያለ በር ነው። ስንቶቻችን አንኳኳነው? ሪፖርቱ የት እንደሚቀመጥ የጠየቀ ማን ነው? ስብሰባ ተጠርቶ አበል እንደሌለው ሲታወቅ አዳራሹ ባዶ ይቀራል፤ የመሠረት ድንጋዩ ከተቀመጠ፣ ኮንትራቱ ከተፈረመ፣ ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ ግን አደባባዩ ይሞላል። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ብዙዎቹ ስደተኞች የሆኑ ነዋሪዎች ከልጆች መጫወቻ አንጻር የታቀደን ማከፋፈያ ጣቢያ ለዓመታት በየችሎቱ ሲከራከሩት ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ነገሩን እስከ ከተማ ድምፅ መስጫ አደረሱት፤ አስገዳጅ ኃይል ባይኖረውም ከ10 መራጭ 8 ያህሉ ከእነርሱ ጋር ቆመ። የሰው አገር ቋንቋ እየተማሩ ያን ያህል ደከሙ። እኛ በአገራችን፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋችን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ መሥዋዕት ማድረግ አቃተን።

እናንተም በወንበር ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ተግሣጽ አትወጡም፤ ከእኛው ወጥታችኋልና። ሕዝብን ከውሳኔ በኋላ ሰብስቦ «ተወያየን» ማለት ውሸት ነው። መሬት ሲመረጥ ርካሹን፣ ድምፅ የሌለውን፣ የማይከስሰውን ሰፈር መምረጥ ግፍ ነው፤ የትምህርት ቤት ጓሮም የሚመረጠው ልጆች ፊርማ ስለሌላቸው ነው። ጥናቱን በመሳቢያ ቈልፋችሁ ሕዝቡ በወሬ ሲታመስ «ያልገባቸው ናቸው» ብላችሁ አትናቁት። እንዲገባው አላደረጋችሁምና።

እንግዲህ ንስሐ እንግባ። ዕንባ ብቻ ያለውን ንስሐ አይደለም የምለው፤ ዕንባችን በቆሼ ቀብር ላይም ፈስሶ ነበር። ንስሐ አባታችንም ሼኻችንም እንደሚያስተምሩን የወሰዱትን መመለስ፣ ያፈረሱትን መገንባት ነው። ጣቢያው በትምህርት ቤት አጠገብ አይሁን ካልን፣ የት ይሁን የሚለውን ተሸክመን እንቅረብ፤ የተሻለ ቦታ አውጥተን፣ መሬቱ የተወሰደበት ሰው ካሣው በሙሉ እንዲደርሰው እኛው ጮኸንለት፣ የራሳችን ትርፍ ቦታ ከሆነም እርሱን ሰጥተን። ልጆቻችንን ከምንወድ ነገ የመጀመሪያው ሥራችን ያ የተከፈተ ሳጥን እንዲዘጋ ማመልከት ይሁን፤ አንዴ ሰምተው ዝም ቢሉ ሁለቴ፣ ሁለቴ ዝም ቢሉ እስኪሰሙ ድረስ። የቀጠልነውን ገመድ እንፍታ። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ወንበሩ ይሙላ፤ ጫቱ ይቆየን።

ከሁሉ በላይ ግን ሽማግሌዎች ይውጡ። ከአፎቻውም ከዕድሩም ከማኅበሩም ተመርጠው፣ ሳይጠሩና ጠብ ሳይነሣ፣ ውሃችን ወደሚቀዳበትና ጥራጊያችን ወደሚደፋበት መንደር ይሂዱ። ካሜራ አይከተላቸው። በገበሬው ደጅ ተቀምጠው ልጆቹ የት እንደሚማሩ፣ ቧንቧው ለእርሱ ደርሶት እንደሆነ፣ ከብቶቹ ከየት እንደሚጠጡ ይጠይቁት፤ እርሱ ሲናገር አያቋርጡት። ሲጨርስ ስለ እኛ ሆነው ይቅርታ ይለምኑት፤ የጎደለበትንም ሰምተው ይመለሱና ለእኛ ይንገሩን፣ ስንት እንደሚያስፈልግ ተሰልቶ በየቤታችን ይመደብብን።